አልደርቅ ላለ ቁስል የላብራቶሪ ቆዳ፦ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ይህ መድን ቁስል ላይ ለሚለጠፉ፣ «የቆዳ ምትክ» ለሚባሉ ምርቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈለው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 ክፍያው ከ10 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በአምስት ዓመት ውስጥ 40 እጥፍ መሆኑ ነው። የቁስለኛው ቁጥር ግን በዚያ መጠን አልጨመረም። ስለዚህ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ መንግሥት ለአብዛኞቹ ምርቶች አንድ ወጥ ዋጋ ቆረጠ፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 127 ዶላር ገደማ። ቀደም ሲል ለአንዳንዶቹ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፈል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና ቤተሰብን ግራ ማጋባቱ አይቀርም። አባቱን በስኳር ምክንያት ለመጣ የእግር ቁስል በየሳምንቱ ክሊኒክ የሚያመላልስ ልጅ በአንድ በኩል «ላብራቶሪ ውስጥ የበቀለ ቆዳ እግር ከመቆረጥ ያድናል» ሲባል ይሰማል። በሌላ በኩል «የቆዳ ምትክ ማጭበርበሪያ ሆኗል» ይባላል። ሁለቱም ወሬ እውነት አለበት። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። ለመለየት ከቁስሉ መጀመር ይሻላል።

ቁስል ለምን አልድን ይላል?

ጤነኛ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቱን ቢቆርጥ ሰውነቱ ተራ ጠብቆ ይሠራል። መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ይጠርጋሉ። ጣቱ የሚቀላውና የሚያብጠው ያኔ ነው። ከዚያ አዲስ ሥጋ ከሥር ይሞላል፤ ቆዳውም ከዳር እየተሳበ መሃል ላይ ይገናኛል።

ሥር የሰደደ ቁስል የሚባለው ሁለተኛው ተራ ላይ ተቀርቅሮ የቀረው ነው። ጽዳቱ ማለቂያ ያጣል። ነጭ የደም ሴሎቹ የሚለቁት ኢንዛይም የሞተውን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚሠራውንም ሥጋ ይበላል። ለሴሎች «እደጉ፣ ተንቀሳቀሱ» የሚል መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖችንም አብሮ ያጠፋል። እነዚህ መልእክተኞች ግሮውዝ ፋክተር ይባላሉ። ባክቴሪያው ደግሞ ባዮፊልም የሚባል ልጋግ መሰል ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል። በቁስሉ ዳር ያሉት የቆዳ ሴሎች ወደ መሃል መጓዛቸውን ትተው እዚያው ይከመራሉ። የቁስሉ ዳር የሚወፍረውና የሚደድረው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን ሌላ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ያልተቆጣጠሩት ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ጤነኛን ሰው ሦስት እርምጃ አታስኬደውም። ነርቩ የደነዘዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ይረግጣታል፤ የሚያውቀው ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው። ቁስሉ ስለማያመውም በዚያው እግር መራመዱን ይቀጥላል። በእያንዳንዷ እርምጃ መላ ክብደቱ እዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። ብዙውን ጊዜ ደም ወደ እግር የሚወስዱት ሥሮችም ጠበዋል። ሌላው የተለመደ ዓይነት ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የሚወጣው ቁስል ነው። እሱ የሚመጣው ደም ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ቫልቫቸው ሲላላና ደሙ ታች ሲጠራቀም ነው። መድኃኒቱ በዋናነት እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ የመጭመቂያ ፋሻ ነው።

ቆዳው እንዴት ይበቅላል?

ነገሩ የተጀመረው ለቃጠሎ ነው። በ1975 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ሃዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ የሰውን የላይኛ ቆዳ ሴሎች፣ ማለትም ኬራቲኖሳይቶችን፣ በሳህን ላይ እያባዙ ማሳደግ ቻሉ። በዚያው ተቋም ዩጂን ቤል ሌላ መንገድ ሄደ። እሱ የሥረኛውን ቆዳ ሴሎች ከኮላጅን ጋር ቀላቅሎ ሁለት ድርብ ያለው ቆዳ ለመሥራት ሞከረ። ኮላጅን ቆዳን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ከቤል ሥራ በ1985 ኦርጋኖጄኔሲስ የሚባል ኩባንያ ተወለደ። የዚህ ኩባንያ ምርት የሆነው አፕሊግራፍ በ1998 በደም መልስ ሥር ችግር ለሚመጣ የእግር ቁስል፣ በ2000 ደግሞ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ፈቃድ አገኘ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ሴሎቹ የሚገኙት ከተገረዙ አራስ ሕፃናት ሸለፈት ነው። አራስ ልጅ ላይ ያሉ ሴሎች ገና ብርቱ ስለሆኑ ከትንሽ ቁራጭ እጅግ ብዙ ቆዳ ይወጣል። መጀመሪያ ፋይብሮብላስት የሚባሉት የሥረኛው ቆዳ ሴሎች ከከብት ከተገኘ ኮላጅን ጋር ተደባልቀው ይረጋሉ። ከላይ ኬራቲኖሳይቶች ይዘራሉ። ከዚያ ዋናው ብልሃት ይመጣል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዝቅ ይደረግና የላይኛው ፊት ለአየር ይጋለጣል። ሴሎቹ አየር ሲነካቸው እንደ እውነተኛ ቆዳ ይደራረባሉ፤ ላያቸውም ይጠነክራል። ሥራው በጠቅላላ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ሐኪሙ እጅ የሚደርሰው 7.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ምግቡ በሆነ ጄል ላይ ተኝቶ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ይጓዛል። ዕድሜው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። አብሮት የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይመጣል፤ ጄሉ ወደ ቢጫ ካደላ ቆዳው ይጣላል። ሕይወት ያለው ነገር ነውና ይበላሻል።

ዴርማግራፍት የተባለው ሌላ ምርት በ2001 ተፈቀደ። እሱ የሥረኛውን ቆዳ ሴሎች ብቻ የያዘ፣ ሰውነት ውስጥ በሚሟሟ መረብ ላይ ያደገ ነው። የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ነው።

እርሾ ነው እንጂ እንጀራ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የላብራቶሪው ቆዳ ቀዳዳ ጎማ ላይ እንደሚለጠፍ ላስቲክ እዚያው የሚቀር ይመስለናል። አይቀርም። ተመራማሪዎች አፕሊግራፍ የተደረገላቸው ሰዎች ቁስል ላይ የለጋሹን ዲኤንኤ ፈልገዋል። ከአንድ ወር በኋላ የተገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በማንም ላይ አልተገኘም።

ታዲያ ምን ሠርቶ ይሄዳል? እርሾን ማሰብ ይረዳል። እርሾ ሊጡን ያስነሳል፤ እንጀራው ግን ከጤፉ ነው። የተለጠፉት ሴሎች በሕይወት ባሉባቸው ሳምንታት ቁስሉ ያጣቸውን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ያፈሳሉ። ኮላጅኑ ለሚጓዙት ሴሎች መርገጫ ይሆናል። በዳር የተከመሩት የራስ ሴሎች ይነቃሉ፤ ደም ሥርም መብቀል ይጀምራል። በመጨረሻ ቁስሉን የሚዘጋው የሕመምተኛው የራሱ ቆዳ ነው። ለዚህም ነው አንዴ ብቻ ሳይሆን በየተወሰነ ጊዜ ደጋግሞ የሚደረገው።

ይህን የተረዳ ሰው ሌሎች ጥያቄዎቹም ይቀሉለታል። የሌላ ሰው ሴል ከሆነ ሰውነት አይቃወመውም? እስካሁን የጎላ ችግር አልታየም፤ ተቃውሞን የሚቀሰቅሱት የመከላከያና የደም ሥር ሴሎች ምርቱ ውስጥ የሉም። የቆዳ ቀለምስ? ቀለም የሚሰጡት ሴሎችም የሉበትም፤ ስለዚህ የሚመጣው ቀለም የራስ ነው። ከምን እንደተሠራ መጠየቅም ነውር የለውም። አንዳንዶቹ ከከብት ኮላጅን፣ አንዳንዶቹ ከአሳማ አንጀት ሽፋን፣ አንዳንዶቹ ከዓሣ ቆዳ ይሠራሉ። በሃይማኖቱ ምክንያት ይህ የሚያሳስበው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አማራጭ አለ።

በእርግጥ ተተክሎ የሚቀር የላብራቶሪ ቆዳም አለ። እሱ ግን ከራስ ሴል የሚሠራው ነው። በ2015 ጀርመን ቦሁም ውስጥ አንድ የ7 ዓመት ሶሪያዊ ልጅ በውርስ የቆዳ ሕመም ምክንያት ቆዳው ተገፎ ሊሞት ደርሶ ነበር። ጣሊያናዊው ሚኬሌ ደ ሉካና ባልደረቦቹ ከልጁ ትንሽ ቆዳ ወስደው፣ የተበላሸውን ዘረ መል አስተካክለው አሳደጉት። ከዚያም የሰውነቱን 80 በመቶ የሚሆን ቆዳ ተኩለት። ውጤቱ በ2017 ታትሟል። ለዚህ ዓይነት ሕመም በአሜሪካ በኤፕሪል 2025 የተፈቀደው ዜቫስኪን የሚባል ሕክምና ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዜና የምናየው ተአምር ይኼኛው ነው፤ ለአባት የእግር ቁስል የሚታዘዘው ደግሞ ሌላው።

ማስረጃው ምን ይላል?

አፕሊግራፍ ለስኳር ቁስል የተፈቀደበት ጥናት 208 ሰዎች ነበሩበት። ሁሉም ደህና እንክብካቤ ተደርጎላቸዋል። በ12 ሳምንት ውስጥ የላብራቶሪ ቆዳ ከተደረገላቸው 56 በመቶው ሙሉ በሙሉ ዳኑ። ካልተደረገላቸው የዳኑት 38 በመቶ ናቸው። የዴርማግራፍት ልዩነት አነስ ይላል፤ 30 በመቶ በ18 በመቶ።

ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ግን ከመቶ ሰው 44ቱ አፕሊግራፍ ተደርጎላቸውም በዚያ ጊዜ አልዳኑም። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ውስጥ የሚገቡት ደግሞ ደማቸው እስከ እግራቸው የሚደርስ፣ ቁስላቸው ያላመረቀዘ ሰዎች ናቸው። ክሊኒክ በር ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እንደዚያ አይደለም።

ጥናቶችን አሰባስቦ በመመዘን የሚታወቀው ኮክሬን በ2016 ለስኳር እግር ቁስል የተደረጉ 17 ሙከራዎችን አይቷል። የቆዳ ምትክ የመዳንን ዕድል ይጨምራል ብሏል። እግር መቆረጥን ይቀንሳል ለማለት ግን ያገኘው መረጃ ጥቂት ነው፤ የረጅም ጊዜ ውጤቱም ገና አልተጣራም። ብዙዎቹ ጥናቶች የአምራቾቹ ገንዘብ አለባቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም እግር ቡድን በ2023 መመሪያው እነዚህን ምርቶች እንደ ዘወትር ሕክምና አትጠቀሙ ሲል መክሯል፤ ምክሩ የቆመው ደካማ በሆነ ማስረጃ ላይ መሆኑንም አብሮ ተናግሯል። በሌላ ወገን ብዙ የቁስል ሐኪሞች «መሠረታዊውን ሁሉ አድርጌ እምቢ ላለኝ ቁስል ሌላ ምን አለኝ?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም። ለሁሉ የሚታዘዝ አይደለም፤ ተመርጦ የሚታዘዝ ነው።

ታዲያ 10 ቢሊዮኑ የት ሄደ?

እዚህ ላይ የስም ጉዳይ አለ። «የቆዳ ምትክ» በሚለው አንድ ስም ሥር ሕይወት ያለው የላብራቶሪ ቆዳም፣ ደርቆ የታሸገ ሽፋንም ይጠራል። ከሁለተኛው ወገን ብዙዎቹ የሚሠሩት የሽርት ውሃውን ከሚይዘው ስስ ሽፋን ነው፤ ከወሊድ በኋላ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚወጣው ማለት ነው። አምኒዮን ይባላል። ሕጉ እነዚህን እንደ ተለገሰ የሰው አካል ስለሚያያቸው ብዙዎቹ ወደ ገበያ ለመግባት በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ማቅረብ አይጠበቅባቸውም። የተወሰኑት ጥሩ ጥናት አላቸው። ሌሎቹ ምንም የላቸውም።

ሜዲኬር የሚከፍለው ደግሞ በቁራጩ ስፋት፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። አዲስ ምርት ሲመጣ አምራቹ በጠራው ዋጋ ይከፈል ነበር። ሐኪሙ ምርቱን በቅናሽ ገዝቶ በሙሉ ዋጋ ማስከፈል ይችል ነበር። በዚህ ስሌት ሰፊ ቁራጭ፣ ውድ ምርትና ብዙ ጊዜ መለጠፍ ያተርፍ ነበር። በጁን 2025 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚደርስ የአምኒዮን ሽፋን ሒሳብ ሰባት ሰዎችን ከሷል። የላብራቶሪው ቆዳም ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። ዴርማግራፍትን ይሸጥ የነበረው ሻየር «ሐኪሞችን በግብዣና በስጦታ አባብለሃል» በሚል ለቀረበበት ክስ በ2017 350 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

አንድ ወጥ ዋጋው ይህን በር ይዘጋል። ግን የሚቃወሙትም ያላቸው ነጥብ ቀላል አይደለም። ሦስት ሳምንት ተንከባክበው የሚያሳድጉት ሕያው ቆዳና ደርቆ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሽፋን እኩል ከተከፈለባቸው፣ ማስረጃ ያለው ምርት ከገበያ ሊገፋ ይችላል። ዋጋው ከስፋቱ ይልቅ ከማስረጃው ጋር ቢታሰር ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጄሶው

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ስኳር ላለበት ሰው የውስጥ እግር ቁስል በጣም የሚሠራው ነገር ጫናውን ማንሳት ነው። መንገዱም የሚታወቅ ነው። እግሩን ከጣት እስከ ጉልበት በታች፣ ከቆዳው ጋር ልክክ ብሎ በሚገጥም ጄሶ ማሰር። ክብደቱ በእግሩ ሁሉ ላይ ስለሚከፋፈል ቁስሏ ያለችበት ቦታ ታርፋለች። ይህ ሙያ የመጣው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ፖል ብራንድ የሚባል ሐኪም በሕንድ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን እግር ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ። ሥጋቸው የሚያልቀው በበሽታው ብቻ ሳይሆን ሕመም ባለመሰማታቸው ነው። በኋላ ሉዊዚያና ካርቪል ሄዶ በዚያው መንገድ ሠራ፤ ከዚያም ሙያው ወደ ስኳር ሕመምተኞች ተሻገረ።

በ2001 የታተመ አንድ ጥናት 63 ሰዎችን በሦስት ከፈለ። በጄሶ የታሰሩት 89.5 በመቶ በ12 ሳምንት ዳኑ። የሚወልቅ ቦት የተሰጣቸው 65 በመቶ፣ ተረከዝ ላይ ብቻ የሚያቆም ጫማ ያደረጉት 58 በመቶ ነበሩ። ቁስላቸውና ሰዎቹ ስለሚለያዩ ይህን ቁጥር ከአፕሊግራፍ ቁጥር ጋር ቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። በጥናቱ ውስጥ ያለው ልዩነት ግን ይናገራል።

ቦቱ ለምን አነሰ? ስለሚወልቅ ነው። ሕመምተኞችን በመሣሪያ የተከታተለ ጥናት፣ ቦቱን የሚያደርጉት ከሚንቀሳቀሱበት 28 በመቶውን ብቻ እንደሆነ አገኘ። ስንፍና አይደለም። እግሩ አያመውም፤ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ማን ቦት ያስራል? ስለዚህ በ2005 ሐኪሞች ያንኑ ቦት ወስደው እንዳይወልቅ ዙሪያውን ጠቀለሉት። ሌላ ምንም አልለወጡም። የሚወልቀውን ካደረጉት 52 በመቶ ገደማ ሲድኑ የተጠቀለለላቸው 83 በመቶ ገደማ ዳኑ። በጥቅል ፋሻ ብቻ የመጣ ልዩነት ነው።

ኢትዮጵያ ላይ ሲታሰብ

ለአገራችን ከሁለት ሳምንት ብዙም የማያልፍ ወይም ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ የሚፈልግ ምርት ከዋጋውም በፊት መንገዱ ይከብደዋል። ጄሶ ግን የተሰበረ አጥንት በሚታከምበት ሁሉ አለ። ከራስ ጭን ስስ ቆዳ ልጦ ቁስል ላይ መለጠፍም የቆየ ሙያ ነው። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲቋቋም ጀምሮ የደነዘዘ እግርን ማከምና ጫማ መሥራት ያውቃል። ያ እውቀት በየወረዳው ላለ የስኳር ሕመምተኛ ቢደርስ ከማንኛውም ውድ ምርት የሚበልጥ እግር ያድናል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጄሶው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ደም በደንብ ለማይደርስበት ወይም ላመረቀዘ እግር አይታሰርም። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሰር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ የጠበቀ እስር ሕመም በማይሰማው እግር ላይ ሳይታወቅ እግሩን ይገድላል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ አውልቆ መግባትም ለደነዘዘ እግር አደጋ አለው። ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ ቢያንስ የጋለ ድንጋይ ላይ በባዶ እግር መሄድን መተው ይቻላል።

ክሊኒክ ውስጥ የቆዳ ምትክ ሲቀርብለት ቤተሰቡ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። የእግሩ ደም ፍሰት ተለክቷል ወይ? የሞተው ሥጋ ተጠርጓል ወይ? ጫናው በምን ተነሥቷል? ምርቱ ምንድን ነው፣ ስንት ጊዜስ ይደረጋል? ቁስሉን በየሳምንቱ በማስመሪያ መለካትና መመዝገብም ማንም የሚችለው ነው። ቁስሉ በ4 ሳምንት ውስጥ በግማሽ ገደማ ካልጠበበ በ12 ሳምንት የመዳን ዕድሉ ጠባብ እንደሆነ ይታወቃል። የላብራቶሪው ቆዳ ቦታ ያኔ ነው። ያ የ4 ሳምንት ቆጠራ ግን የሚጀምረው ቁስሉ ከታየበት ቀን ሳይሆን ጄሶው ከታሰረበት ቀን ነው።